ያገለገለ ዳይቭ ኮምፒውተር፦ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት

ሰሞኑን ከደረሱን የስኩባ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አሮጌ ዳይቭ ኮምፒውተር (ለጠላቂ ጥልቀቱንና ውሃ ውስጥ መቆየት የሚችልበትን ጊዜ የሚያሳይ መሣሪያ) ናቸው። ስለዚህ የዚህን ዕትም ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ መጥለቅ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ እስካሁን የተጠቀምኩት በኪራይ ኮምፒውተር ነው። አሁን አንድ ሰው የዛሬ 15 ዓመት ገደማ የተሠራ ሱንቶ ቫይፐር ሊሸጥልኝ ነው። የጠየቀኝ ዋጋ ከአዲስ መለስተኛ ኮምፒውተር ሲሶ አይሞላም። «ብዙም አልጠለቅኩበትም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው» ይላል። ልግዛው ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ይግዙት፤ ግን ከመክፈልዎ በፊት መፈተን ከተፈቀደልዎት ብቻ ነው። ሻጩ «ፎቶውን አይተህ ወስን» ካለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተውት። ዳይቭ ኮምፒውተር የሚለካው ሁለት ነገር ነው፦ ግፊትና ጊዜ። የቀረው ሁሉ ከሁለቱ የሚወጣ ስሌት ነው። ሰዓቱ ብዙም አያስቸግርም። ግፊት የሚለካው ሴንሰር ግን ያረጃል፣ ጨው ይደፍነዋል፣ ልኩ ይዛባል፤ ከውጭ ላየው ሰው ደግሞ ምንም አይታወቅበትም።

እርስዎ የጠቀሱት ሞዴል ላይ ከሁሉ በፊት የሚጣራ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጥር 2006 እስከ ነሐሴ 2018 የተሠሩ በርካታ የሱንቶ ሞዴሎች የጥልቀት ሴንሰራቸው የተሳሳተ ንባብ ሊሰጥ ስለሚችል ለነፃ ምርመራና ጥገና ተጠርተዋል። ቫይፐር፣ ጌኮ፣ ዙፕ፣ ኮብራና ሄሎ2 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሻጩን የምርቱን ተከታታይ ቁጥር ይጠይቁት፤ ምርመራው መደረጉን የሚያሳይ ወረቀት ካለውም ያሳይዎት። ወረቀት ከሌለው ከዚህ በታች ያለው የግፊት ፈተና ለእርስዎ ግዴታ ነው።

«መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው» የሚለውን ቃል እንደ ምስክርነት አይቁጠሩት። ከባሕር ወጥቶ በደንብ ሳይታጠብ መሳቢያ የገባ ዕቃ ጨዉ ሴንሰሩ ቀዳዳ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ለዓመታት ተጨቁኖ የተቀመጠ ኦ-ሪንግ (ክዳኑን ውሃ እንዳያስገባ የሚያትም የጎማ ቀለበት) ክብነቱን አጥቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ውሃ አይከለክልም። በየወሩ የሚጠለቅበትና በየጊዜው የሚታጠብ ኮምፒውተር ከእንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

እጅዎ ሲገባ የባትሪውን ክዳን ራስዎ ይክፈቱት። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ውሃ ገብቶ ያውቃል ማለት ነው። ክዳኑ ላይ ሳንቲም የሚገባበት ስንጥቅ ጠርዙ ተበልቶ ከሆነ በኃይል ሲጠብቅ ኖሯል፤ ጥርሱ አካባቢ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈልጉ። ባትሪው ተመልሶ ሲገባ ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ምልክቶቹን ሁሉ አንድ ላይ ያበራል። ያችን ቅጽበት አያሳልፏት። እያንዳንዱ አሃዝ የሚሠራው ከሰባት ሰረዞች ነው። የመሃለኛዋ ሰረዝ ከሞተች 8 ቁጥር 0 ሆኖ ይታያል፤ 18 ሜትር ላይ ሆነው 10 ሜትር ያነባሉ። የላይኛዋ ቀኝ ሰረዝ ብትሞት ደግሞ 8 ቁጥር 6 ይመስላል። አንዲት የሞተች ሰረዝ ካዩ ድርድሩ እዚያው ያብቃ።

ቀጥሎ ታሪኩን ያንብቡ። በማስታወሻው ውስጥ ጠቅላላ የዳይቭ ብዛት፣ ጠቅላላ ሰዓትና የተደረሰበት ከፍተኛ ጥልቀት ተመዝግቧል። «ብዙም አልጠለቅኩበትም» ያለ ሰው ዕቃ 400 ዳይቭ ካሳየ ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የሻጩ ቃል ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አይመዝንም።

እዚያው ቆመው የማቀጃውን ገጽ ይክፈቱና ያለ ዲኮምፕሬሽን (በሰውነት የተጠራቀመው ናይትሮጅን እንዲወጣ ሲወጡ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ) የሚፈቀደውን ጊዜ ይዩ። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ በአየር ቅንብርና የጥንቃቄ ደረጃው ሳይጨመር፣ 18 ሜትር ላይ 50 ደቂቃ ገደማ፣ 30 ሜትር ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሳየት አለበት። ከዚህ በጣም ካነሰ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ የቀድሞው ባለቤት የጥንቃቄ ደረጃውን ከፍ አድርጎታል፣ የከፍታ ቦታ ቅንብር ላይ ነው፣ ወይም በቅርብ ተጠልቆበት ናይትሮጅን ቆጥሮ ይዟል። ሦስቱም ብልሽት አይደሉም፤ ግን የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ አይጥለቁበት።

ከዚያ ወደ ውሃው። ጣትዎን አርጥበው በጎኑ ወይም በጀርባው ያሉትን የብረት ነጥቦች አንድ ላይ ይንኩ፤ መንቃት አለበት። ካልነቃ ነጥቦቹ ዝገዋል። አልፎ አልፎ በጥርስ ብሩሽና በለብ ያለ ውሃ ቢታሹ ይድናሉ። ደርቆ እያለ ራሱ የማይተኛ ከሆነ ደግሞ ነጥቦቹን ጨው አገናኝቷቸዋል፤ ባትሪ ይጨርስብዎታል። ባልዲ ውሃ ውስጥ ገብቶ ገጹ ላይ ሲያዝ ጥልቀቱ 0.0 መሆን አለበት።

አሁን ዋናው ፈተና። 10 ሜትር የባሕር ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ነው፤ ስለዚህ ሳይጠልቁ ጥልቀት መፍጠር ይቻላል። ግልጽ የፕላስቲክ የውሃ ማጣሪያ ዕቃ፣ የጎማ ቫልቭ የተገጠመለትና ከ3 ባር በላይ እንዲችል የተሠራ፣ ለዚህ ይበቃል። ኮምፒውተሩን ያስገቡና እስከ አፉ ውሃ ይሙሉት። ውሃ መሙላቱ የጌጥ ጉዳይ አይደለም፦ የታመቀ አየር ጉልበት ያጠራቅማል፣ ዕቃው ቢሰነጠቅ ይፈነዳል፤ ውሃ ግን እንዲህ አያደርግም። በተመሳሳይ ምክንያት የመስታወት ማሰሮ አይጠቀሙ፤ የዓይን መነጽርም ያድርጉ። ግፊት መለኪያ ባለው የብስክሌት ፓምፕ ቀስ እያሉ 1 ባር ይሙሉ፤ ንባቡ 10 ሜትር ገደማ ይሁን። 2 ባር ላይ 20 ሜትር ገደማ ይላል። ፋብሪካዎች ስሌታቸውን በጨዋማ ወይም በጨው አልባ ውሃ ስለሚያስተካክሉ ከ19.8 እስከ 20.4 ቢያሳይ ትክክል ነው። የፓምፑ መለኪያም የራሱ ስህተት ስላለው ግማሽ ሜትር ያህል ይፍቀዱለት። እዚያው ላይ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ንባቡ ዝም ብሎ ካልረጋና ወደ ላይ ወደ ታች ከዋለለ፣ ወይም ግፊቱ ሲለቀቅ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ሴንሰሩ እየሞተ ነው። ግፊቱን ሲለቁ በሁለት ደቂቃ ያህል ይልቀቁት። የመጨረሻውን በፍጥነት ቢለቁት የአወጣጥ ፍጥነት ማንቂያው መጮህ አለበት፤ ያም አንድ ፈተና ነው። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ እውነተኛ ዳይቭ ያደረጉ ስለሚመስለው ናይትሮጅን ይቆጥራል። የቀረውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ አይተው እስኪያልቅ ይጠብቁ።

ይህን ዕቃ ማዘጋጀት ካልቻሉ ሻጩን የአንድ ዳይቭ ጊዜ ይጠይቁት። በዚያ ዳይቭ የሚመሩት በሚያምኑት ኮምፒውተር ነው፤ አሮጌው ከጎኑ ይታሰርና 5፣ 10 እና 18 ሜትር ላይ ንባባቸውን ያወዳድሩ። ከግማሽ ሜትር በላይ ከተለያዩ ይመልሱለት። ከእውነተኛው ጥልቀት ያነሰ የሚያሳይ ኮምፒውተር አደገኛ ነው፤ እርስዎ 20 ሜትር ላይ እያሉ የ18 ሜትር ደቂቃ ይፈቅድልዎታል። አብልጦ የሚያሳየው የሚያሳጥረው ጊዜዎን ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሴንሰር ነገ ወዴት እንደሚያዘነብል አይታወቅም።

ስለ ዋጋው፦ ባትሪ፣ አዲስ ኦ-ሪንግና ክዳን፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ማሰሪያ፣ የሚፈልጉት ከሆነም የኮምፒውተር ገመድ ይደምሩበት። ድምሩ ዋስትና ካለው አዲስ መለስተኛ ኮምፒውተር ግማሽ ካለፈ አዲሱን ይግዙ። እርስዎ በነገሩን ዋጋ ግን ፈተናዎቹን ካለፈ ጥሩ ግዢ ነው።

ጥያቄ፦ በፖስታ የመጣልኝ አሮጌ ኮምፒውተር ከስህተት ምልክት በቀር ምንም አያሳይም። ሻጩ «ባትሪውን አውጥተህ መልሰው፣ ይስተካከላል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የስህተት ምልክቱ ብዙ ጊዜ ቅጣት ነው። ጠላቂው ማድረግ የነበረበትን የዲኮምፕሬሽን ማቆሚያ ዘልሎ ከወጣ ኮምፒውተሩ ስሌቱን ይዘጋል። ሱንቶ ለ48 ሰዓት፣ ሌሎች ብዙዎቹ ለ24 ሰዓት ይዘጋሉ። ዕቃው መንገድ ላይ ከዚያ በላይ ከቆየና አሁንም ከተዘጋ ግን ቅጣት አይደለም፤ ሴንሰሩ ወይም ሰርኪዩቱ ተበላሽቷል። ደረቅ ቦታ አስቀምጠው 48 ሰዓት ይጠብቁት፤ ካልተከፈተ ይመልሱት።

ባትሪ ማውጣቱን በተመለከተ፣ ብዙ አሮጌ ሞዴሎች ባትሪያቸው ሲወጣ የቆጠሩትን ናይትሮጅን ይረሳሉ። ለእርስዎ፣ ገና ለሚጀምሩት፣ ይህ ጉዳት የለውም። በተከታታይ በሚጠልቁባቸው ቀናት መካከል ግን ባትሪ አይቀይሩ፤ ሰውነትዎ ያልረሳውን ኮምፒውተሩ ይረሳዋል። ባትሪ የሚቀየረው ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይጠልቁ ከቆዩ በኋላ ነው፤ ይመረጣል ግን 48።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ባትሪውን ራሴ ቀየርኩ። በሁለተኛው ዳይቭ ስክሪኑ ውስጥ ጉም ታየኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጉሙ የት እንዳለ ይለዩ። ከመስታወቱ ሥር፣ አሃዞቹ ላይ ከሆነ ውሃ የገባው ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ነው፤ በቤት የሚድን አይደለም። የባትሪው ቤት ብቻ ከረጠበ ግን ተስፋ አለ፤ በብዙ ሞዴሎች የባትሪው ቤት ከሌላው ተለይቶ ነው የተሠራው። ባትሪውን አሁኑኑ ያውጡ፤ የጨው ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሆነው ብረቱን በሰዓታት ውስጥ ይበሉታል። ቤቱን በተጣራ ውሃ፣ ቀጥሎ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጥቡና ክፍት አድርገው ለሁለት ቀን ያድርቁት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጨዉን አያወጣም፤ ዱቄት ብቻ ይጨምርልዎታል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ አሮጌው ኦ-ሪንግ ተመልሶ ገብቷል፤ አንዲት ፀጉር ወይም የጥጥ ክር ጉድጓዱ ውስጥ ቀርታለች፤ ቅባቱ በዝቷል፤ ወይም ክዳኑ ጠማማ ሆኖ ጠብቋል። ቅባት በዝቶ የሚጠቅም የሚመስላቸው አሉ። ኦ-ሪንጉን የሚያትመው ግን ቅባቱ ሳይሆን የጎማው መጨመቅ ነው፤ የበዛ ቅባት አሸዋ ይሰበስባል።

ሲደግሙት እንዲህ ያድርጉ። ኮምፒውተሩ ውጭው ፈጽሞ ደረቅ ይሁን፤ ከክዳኑ ጥርስ የሚንጠባጠብ አንድ ጠብታ ውሃ ይበቃዋል። ኦ-ሪንጉን በመርፌ ወይም በቢላ አያውጡ፤ በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርጉት እየጎበጠ ይነሳል። ጉድጓዱን ክር በማይጥል ጨርቅ ይጥረጉና በብርሃን ይመርምሩት። አዲሱን ኦ-ሪንግ በሲሊኮን ቅባት በሁለት ጣት እያሹ የሚያብለጨልጭ ያህል ብቻ ይቀቡት። ቫዝሊን አይጠቀሙ፤ አንዳንዱን ጎማ ያብጠዋል። ኦ-ሪንጉ ራሱ ከሲሊኮን የተሠራ ከሆነ ደግሞ የሲሊኮን ቅባት እንኳ አይስማማውም፤ መመሪያውን ይዩ።

የባትሪው ቁጥር ራሱ ልኩን ይናገራል። ሲአር2450 ማለት ወርዱ 24.5 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲአር2430 ግን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ በወረቀት ሞልቶ መግጠም በግፊት ሥር ይላቀቃል። አዲስ ባትሪ በመለኪያ 3 ቮልት ወይም ትንሽ በላይ ማሳየት አለበት። ባትሪውን በጠርዙ ይያዙ፤ ክዳኑን ምልክቶቹ እስኪገጥሙ ያዙሩት፤ ከዚያ ወዲያ አያስገድዱት።

ከዚያ በባልዲ ይሞክሩት፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስገብተው አረፋ ካዩ ወዲያው ያውጡት። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ካልገባ ፈተና አይሆንም የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኦ-ሪንግ ጥልቀቱ ሲጨምር ግፊቱ ራሱ ስለሚጨቁነው የሚያፈስሰው ገጽ አካባቢ ነው።

ጥያቄ፦ «የድሮ ኮምፒውተር ስሌቱ አርጅቷል፣ አደገኛ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራ የናይትሮክስ (ኦክስጅኑ ከአየር የበዛ የመተንፈሻ ጋዝ) ኮምፒውተር ቀርቦልኛልና ግራ ገባኝ።

መልስ፦ የስሌት ዕድሜ ያን ያህል አያስፈራም። አልበርት ቡልማን በዙሪክ ያወጡት፣ ሰውነትን በ16 ክፍል ከፍሎ የሚቆጥረው ስሌት ዛሬም በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ። የሚያስፈራው የሶፍትዌር ስህተት ነው፤ እርስዎ ባሉት ዘመን ደግሞ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠሩ የኡዋቴክ አላዲን ኤር ኤክስ ናይትሮክስ ኮምፒውተሮች ጠላቂው ከውሃ ወጥቶ አየር እየተነፈሰ ሳለ አሁንም ናይትሮክስ እየተነፈሰ እንደሆነ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። አየር 79 በመቶ ናይትሮጅን አለው፤ ለምሳሌ 36 በመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ ግን 64 ብቻ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሰውነት ናይትሮጅኑን ከእውነቱ ፈጥኖ ያስወገደ ይመስለውና ለቀጣዩ ዳይቭ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለለውጥ ተጠሩ። የቀረበልዎት እሱ ከሆነ አይግዙት። ሌላ ከሆነም አወጣጡን ይመርምሩ፤ የዚያ ዘመን አንዳንድ ኮምፒውተሮች በደቂቃ 18 ሜትር ሲወጡ ዝም ይላሉ፤ ዛሬ የሚመከረው 9 ወይም 10 ሜትር ነው። ራስዎ እየቆጠሩ መውጣት ይኖርብዎታል።

ናይትሮክስን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የቀድሞ ሞዴሎች ከዳይቭ በኋላ የኦክስጅን መጠኑን ዳግም ካላስገቡላቸው ለኦክስጅን 50 በመቶ፣ ለናይትሮጅን ደግሞ 79 በመቶ አድርገው ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ዳይቭ ላይ በትንሽ ጥልቀት ማንቂያው ሲጮህ ሰዎች ዕቃው ተበላሸ ብለው ይመልሱታል። ከእያንዳንዱ ዳይቭ በፊት ያስገቡት፤ ወሰኑንም ራስዎ ይወቁት፦ የሚተነፍሱት ኦክስጅን ግፊት ከ1.4 ባር እንዳያልፍ 32 በመቶው 33 ሜትር፣ 36 በመቶው 28 ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ የሲሊንደር ግፊት በትራንስሚተር የሚያሳይ አሮጌ ኮምፒውተር ብገዛ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ትራንስሚተሩ አብሮት ካልተሸጠ አይግዙት። ከሌላ ሞዴል የተገኘ ብዙ ጊዜ አይግባባውም፤ ለብቻው ሲፈለግም ከኮምፒውተሩ ይወደዳል። አብሮ ካለ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የሚያቀብለው መሣሪያ) ላይ አስገጥመው ንባቡን ከሜካኒካል መለኪያ ጋር ያወዳድሩ፤ 200 ባር ላይ ከ10 ባር በላይ ከተለያዩ ይተውት። ግፊቱ ሲለቀቅ ደግሞ ዜሮ ማለት አለበት። በቱቦ የሚያያዝ ዓይነት ከሆነ ከመጋጠሚያው አረፋ የሚወጣው በትናንሽ ሁለት ኦ-ሪንጎች ምክንያት ነው፤ በርካሽ ይቀየራሉ። በሁለቱም ሁኔታ ሜካኒካል መለኪያዎን አይጣሉ።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር በአሁኑ ላፕቶፔ ላይ አይከፈትም። ማስታወሻው ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም። ሰብሰርፌስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረው፣ ብዙ አሮጌ ሞዴሎችን ያነባል። የሚያስቸግረው ገመዱ ነው። የሞዴልዎን ገመድ ወይም የኢንፍራሬድ አንባቢ ከሻጩ ይጠይቁ፤ ለብቻው መግዛት ውድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝተን በፈረቃ ብንጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው የአንድን ሰው ሰውነት ነው። ጠዋት እርስዎ ጠልቀውበት ከሰዓት እሳቸው ቢይዙት የእርስዎን ናይትሮጅን ይቆጥርላቸዋል፤ ማግስቱን ሲቀያየሩ ደግሞ ሁለታችሁም ትክክለኛ ቁጥር አይኖራችሁም። አብራችሁ ጠልቃችሁ አንዱ ብቻ ቢይዘው፣ ሌላው ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ የቆየበትን ጊዜ ማንም አይመዘግበውም። ለአንድ ብቻ ገንዘብ ካላችሁ አንዳችሁ ኮምፒውተሩን ይያዙ፣ ሌላው ኪራይ ይውሰድ፤ ቢያንስ እስከ ዕረፍት ቀናችሁ ድረስ አትቀያየሩ።